የሥራ ፈት ሕግ

ሂርማታ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣
ዝናቡ በጣራው ጣሳዬ ሲገባ፣
ሥራ ስለ መፍታት እሠራለሁ እኔ፤
«ሥራ ፈት» ትለኛለች አከራዬ መኪያ፣ አልፋ በጎኔ።
እውነቷን ነው።

ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ምን ያድርግ? ይተኛ።
ሥራ ሲመጣለት ይንቃ፣ እንደ ዘበኛ።
ካልተኛ ይሞቃል፤ ባትሪ ይጨርሳል፤
በስንቱ ሰው ኪስ ውስጥ በከንቱ ይነድዳል።
ሕጉ ይኸው ነበር፣ ሁለት መስመር ብቻ፤
ግን ስንት እጅ ጨመረ፣ በጥድፊያ፣ በዘመቻ፦
ይኼኛው ቺፕ ከሆነ በግራ ጎን ተኛ፣
ያኛው ከሆነ ግን አስፈቅደህ ተኛ፣
ካልሆነ፣ ካልሆነም፣ ከሆነም እንደገና፣
ለአንዲት ሸለብታ አርባ ደጅ ተጠና።
ይኼስ ኮድ አይደለም፤ ቀበሌ ነው።

መጀመሪያ ፈርቼ አንድ ሁለቱን ነካሁ፤
ኋላ ግን ጣፈጠኝ፤ እስከ ሥሩ አረምሁ።
መቶ አርባ መስመር ሄደ፤ የቀረው አሥራ አንድ፣
ንጹሕ፣ ጭቃ ያልነካው የጅሬን መንገድ።

በጫማ ካርቶን ውስጥ ያለችውን ቦርድ
አስነሣኋት። ተነሣች።
ሥራ አጣች። ተኛች።
አልነቃችም።
ደግሜ አስነሣኋት። ተኛች፣ በዚያው ቀረች።
ጥቁር ስክሪን። እኔ። የጣሳው ጠብታ።

መስኮቴ ተንኳኳ፦ የመሰንጠቂያው ጠባቂ፣ አባ ዲጋ፣
ማዳበሪያ ደርበው በካፖርታቸው ላይ።
«ልጄ፣ አምፖልህ መቼም ያድር የለም በርቶ፣
ለሱሑር ቀስቅሰኝ፤ ስልኬ ባትሪው ሞቶ፣
እኔ ሳንቀላፋ አብሮኝ ነው 'ሚተኛ፤
ታዲያ ማን ይቀስቅሰው ያንቀላፋ ዘበኛ?»

ሲሄዱ፣ ከሰረዝኩት ክምር ውስጥ ገባሁ።
አንዲት አሮጌ መስመር፣ ምክንያቷ ያልተጻፈ፣
እኔም ትርፍ መስላኝ ካረሙ ጋር የጣልኳት፦
ሰዓቱ ካንቀላፋ አብሮት በጥልቁ፣
ይቀስቅሱት ጎረቤቶቹ፣ የነቁ።

መለስኳት። አሥራ ሁለት።
ቦርዷ ተኛች። ሥራ መጣ። ነቃች።
ከመስመሯ በላይ ለሚቀጥለው አራሚ ጻፍኩ፦
«ይቺን ተዋት። እኔም ትርፍ መስላኝ ነበር።»

ከዚያ ሱሪዬን ሰብስቤ ጭቃውን ተሻገርኩ፤
የጥበቃ ቤቱን ቆርቆሮ በጉልበቴ መታሁ፦
«አባ ዲጋ! አሥር ሰዓት ሆነ!»
ከውስጥ ሳል ተሰማ።
«ነቅቻለሁ» አሉ፣ እንደ ማንኛውም ዘበኛ፣
«መች ተኛሁና።»