ደም ሥር ፍለጋ

ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ረዳቱ «ወራጅ!» ሲል የተኛው ሲነቃ፣
ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ አለ፣ ገና ቀለም ያልጠገበ፣
ላዩ ትምህርት ቤት፣ ታቹ በበሽተኛ የተከበበ።

ከገላን ፋብሪካ ዓይኑ የቀላ በያጅ፣
ከቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ሳል የያዘው ልጅ፣
መሬቱ ፎቅ የሆነበት የኮዬ አንድ ገበሬ፣
«ግፊቴን ለኩኝ» ይላል፣ «ከትናንት ይሻላል ዛሬ?»

ከላይ እናጠናለን የልብን በሮች ስም፤
ከታች ልቡን ያመመው ወረፋው አይደርስም።
መጽሐፉን ከሰውየው የሚለየው ደረጃ
ሃያ ሁለት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፣ እግሬ ነው ማስረጃ።
ዛሬ ጠዋት ወረድኩት፣ ጓንት በኪሴ ይዤ፣
የሦስት ዓመት ንባቤን በፍርሃት አደንዝዤ።

ወንበሩ ላይ ጠበቁኝ እማማ ሸጊቱ፣
ለስኳር ክትትል፣ በወሩ በዕለቱ።
ላስቲኩን አሰርኩኝ። ዳሰስኩ። አንዴ ወጋሁ።
ባዶ።
«ይቅርታ እማማ» አልኩኝ፤ ሁለተኛ ወጋሁ።
ባዶ።
ከኋላዬ ሲስተር አስናቁ ጉሮሮ ጠረጉ፣
የምዘና ቅጼ ላይ አንድ ሰረዝ አደረጉ።

እማማ ሸጊቱ ግን ባጄን አዩና፣
«ተማሪ ነሽ? አይዞሽ። ቀኑ አልመሸም ገና።
አትቸኩዪ አንቺ ልጅ፣ ሥር እንዲህ አይገኝም፤
የቸኮለ ቆፋሪ ውሃውን አያገኝም።

«ይህ ክፍል ያኔ» አሉኝ፣ «ጉድጓድ ነበር ሥሩ፣
ክረምት ውሃ ሲያቁር፣ ሰርክ ነው መቆፈሩ።
ባሬላ በዚህ በር ገባ፣ በእኔና በጓደኛዬ፤
ዛሬ ቃሬዛ ይገባል፤ ይገርመኛል ልጅዬ።
ሲሚንቶ በልቶት ነው ቆዳዬ የወፈረው፤
ሥሬ የሸሸ እንዳይመስልሽ፣ ጠለቅ ብሎ ነው ያለው።
ከዚህ ጋ» አሉና ጣቴን ይዘው ወሰዱት፣
ከክርናቸው እጥፋት ዝቅ አድርገው አስነኩት።

ጣቴ ሥር አንዳች ነገር ለስለስ ብሎ ነጠረ።
መርፌው ገባ።
ቱቦው ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ይኸውልሽ» አሉኝ፣ ጥጡን ራሳቸው ተጭነው፣
«ሥሩን ስታጪው ጊዜ የቆፈረውን ጠይቂው።»

ሲስተር ያቺን ሰረዝ አልሰረዙልኝም።
እኔም አልጠየቅሁም።

ማታ ፎቅ ስወጣ፣ ደረጃውን ስቆጥር፣
አሥራ አራተኛው ላይ እግሬ አለ ገተር፤
ሊሾው ሳይደርቅ የነካው የሰው ጣት ምልክት።
የእሳቸው ይሁን የሌላ፣ እንጃ።
ጎንበስ አልኩና
ጣቴን አስገባሁበት፤
ሰፋኝ።