በአንደኛ መደብ

ደንቡ አጭር ነው፤ ፈርሜበታለሁ፤
ሰውየው «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» እላለሁ።
«እሱ እንዲህ ይላል» የሚሉት ነገር የለም፤
ከፊቱ አልቆምም፣ ከኋላውም አልቆምም፤
ድምፁ ነኝ፤ ደመወዜም ለዚሁ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

የካቲት። አልበርታ። ማክሰኞ ማታ።
ከግድግዳው ማዶ የሆኪ ጨዋታ፤
እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ዷ ይላል ግድግዳው፤
ወይዘሮ ክላሰን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ፣ ሳያስቡት፣ ለምደው።

አጀንዳ አራት፣ የበረዶ መጥረጊያ ዋጋ፤
ዝርዝሩ ሲነበብ ሰዓቱ ተዘረጋ።
አጀንዳ አምስት፣ ውሻ ያለ ሰንሰለት ሲወጣ፤
አጀንዳ ስድስት፣ አቶ ሙሄ ይመር፣ ከሥጋ ፋብሪካው ፈረቃ
ቦት ጫማውን ሳያወልቅ የመጣ።

ትልቁ ሕግ ግድግዳው ላይ ነው፣ መስታወት ውስጥ ተከቶ፣
የኅሊናና የእምነት ነጻነት ይላል፣ በወርቅ ቀለም ደምቆ፣ ተውቦ፣ ጎልቶ።
ትንሹ ሕግ በፋይል ነው፤ «ሬሳ በሣጥን፣ ሣጥኑም በሲሚንቶ፤
አፈሩ እንዳይሰምጥ፣ የሣር ማጨጃውም እንዳይዘም ተንሸራቶ።»

«ለሐዘንዎ መጽናናትን» አለች ጸሐፊዋ ቀድማ፤
«አልሞተችም» አለ፤ «እሷው ናት የላከችኝ፣ ከሆስፒታል አልጋ፣ ታማ።»

«ሚስቴ አልሞተችም» አልኩ፣ ሚስት የሌለኝ ሴት፤
«በነጭ ጨርቅ ብቻ ብላለች፣ ከአፈሩ ጋር ፊት ለፊት።
ስምንት ዓመት የመጋዘን ሲሚንቶ ወለል አጥባለች፤
‹ከሞትኩ በኋላስ ይብቃኝ› ብላለች።
ካልጋሪ የኛ መቃብር አለ፣ ሁለት ሰዓት በመኪና፤
ክረምት ልጠይቃት አልችልም፣ ዐይኔ ዳምኗልና።»

«እኔ ሙስሊም ነኝ» አለ። «እኔ ሙስሊም ነኝ» አልኩ።
እጄ ወደ ማተቤ ሄደ፤ መለስኩት፤ ቀጠልኩ።
ይህን ዐረፍተ ነገር አፌ አያውቀውም ነበር፤
አልከበደኝም። እሱ ነው የከበደኝ ነገር።

አቶ ኦልስታድ ጠየቁ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ ብክለት፤
ክፉ ሰው አይደሉም፤ ገበሬ ናቸው፣ ውሃ ነው የሚያውቁት።
«ለሁሉም አንድ ነው፤ ሲሚንቶ ሃይማኖት አይለይም» አሉ፤
አንገቶች ተነቀነቁ፤ ልክ ይመስላል ቃሉ።

ያን ጊዜ ሙሄ ተነሣ፤ መዳፉን ዘረጋ፤
«በሕግ አምላክ!» አለ፣ ጮኾ አይደለም፣ ድምፁ እንደ ረጋ።

ቆምኩ።

ይህ ቃል የተነሣ ዱላ አየር ላይ ያስቀራል፤
ገበያ መሐል ቢሰማ ባለዕዳም፣ ባለገንዘብም ይቆማል፤
የማን አምላክ ነው ብሎ የጠየቀ የታል?
በነሱ ቋንቋ ሳስቀምጠው ሁለቱ ቃል ተፋጠጠ፤
መሐላቸው የነበረው ድልድይ አፌ ውስጥ ሰመጠ።

«የትኛው አምላክ?» አሉ አቶ ኦልስታድ፤ ስላቅ አልነበረም፤
ወይዘሮ ክላሰን ግን «ይህ ጉባኤ» አሉ «ስለ አምላክ አይወስንም።»

«አስተርጓሚዋ» አልኩ «አንድ ቃል ለማብራራት ፈቃድ ትለምናለች»፤
እንዲህ ነው ደንቡ፤ የሱን ስትናገር «እኔ» የነበረች
የራሷ ሲደርስ «እሷ» ተብላ ከራሷ ትርቃለች።
«መሐላ አይደለም። ስብከት አይደለም። ‹ቁም› ማለት ነው፤
ተናጋሪውንም ጭምር ነው የሚያስቆመው።»

ጸሐፊዋ ጣቷን አንሥታ ቆየች፤ ከዚያ ጻፈች አንድ መስመር፤
ምን ብላ እንደ ሆነ አላየሁም፤ ማየትም አልተፈቀደልኝም ነበር።

ለመጋቢት ተቀጠረ። መሐንዲስ አፈሩን ይመርምር ተባለ።
ሙሄ ወንበሩን መለሰ፤ ሳምንቶቹን በጣቱ ቆጠረ፤ አንድ ነገር አለ፤
ለኛ አይደለም፤ ለጣቶቹ ነው፤ ድምፁም እዚያው ቀረ።
ደንቡ ግን «የተሰማ ሁሉ ይተርጎም» ይላል፤ ማይክራፎኔም እንደ በራ ነበረ።

«ትቆየኝ ይሆን?» አልኩ፣ በነሱ ቋንቋ፣ ጮክ ብዬ፣ «ትቆየኝ ይሆን ሉባባ?»
ከግድግዳው ማዶ ሆታ ተነሣ፤ አንዱ ግብ አገባ።