ሦስት ሚሊ ሜትር

ከሙጋድ ቁልቁለት፣ ከጋሼ ሙሄ ቤት፣
ማተሚያው ሲያንኳኳ ሐምሌን ሙሉ ሌሊት፣
ጉም በመስኮት ገብቶ ወረቀት ሲያረጥብ፣
እዚያ ነው የለመድሁ ገጽ እንደ ሰው ማንበብ።

«ኅዳግ» አለኝ መጀመሪያ፣
«የአንባቢው አውራ ጣት ማረፊያ።
እዚህ ላይ ፊደል አትዝሪ፤
ጣት እንግዳ ነው፣ መቀመጫ አትንሺው፣ አክብሪ።»

ዓምድን ያሳየኝ ሰኞ ገበያ ወስዶ ነው፣
ዣንጥላችን እየተጋጨ።
«እይው፤ በርበሬው በዚህ ተከመረ፣ ሰልባጁ በዚያ ተሰቀለ፣
መሐሉን ለእግር ተዉለት።
መተላለፊያ የሌለው ገበያ
ዕቃው ቢሞላም ሰው አይገባበት።»

ስለ መስመር ርቀት ስጠይቀው፣
«ሐረጎን ወርደሻል?» አለኝ። «ጥምዙን ቁጠሪው።
አንዱ መታጠፊያ ካንዱ ባይርቅ ኖሮ
ስንቱ ሲኖትራክ በቀረ ገደል ተወርውሮ!
ዓይንም መኪና ነው፤ መስመሩ ሲያልቅ ይዞራል፤
መዞሪያ ካጣ ያነበበውን መልሶ ያነባል።»

አንቀጹ አልቆ፣ ዘመዶቿ ባለፈው ገጽ ቀርተው፣
በአዲሱ ገጽ አናት ብቻዋን የቆመች መስመር፦
«መበለት።»
ገና ሲጀመር ከገጹ ግርጌ የተጣለ አንድ መስመር፦
«ሙት ልጅ።»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
ሁለት ቃል ሰርዞ፣ አንድ ቃል አሳጥሮ፣
ያቺን መስመር ከወገኖቿ ቀላቀላት።

«ርእስማ ምን አለው» ይል ነበር፣ «መጮኽ ማንም ይችላል።
የፎቶ መግለጫ ነው ሰውን የሚፈትነው፤
ዘጠኝ ነጥብ ፊደል፣
ይህ ማነው ሲሉ መመለስ።»

ከኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ የመጽሔት ሥራ መጣ፤
የፈትል ክፍል ሠራተኞች፣ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ።
ሥራ አስኪያጁ መሐል ቆሟል፣
አፍንጫው ስፌቱ ውስጥ ሊገባ ነው።
ፎቶውን ወደ ግራ ገፋሁት። አፍንጫው ዳነ።

ጋሼ ሙሄ ማስመሪያውን አነሣ፣
«ምላጩ ከጠርዙ ሦስት ሚሊ ሜትር ይበላል» አለ፤ «ማን አለ እዚህ?»
አንድ ጆሮ፣
ግማሽ ትከሻ፣
የሻሽ ጫፍ።
መግለጫውም «ከግራ ወደ ቀኝ» ይልና
ከሁለተኛዋ ይጀምራል።

ስልክ ደወልን። ስሟን የሚያውቅ ጠፋ፤
«እዚያ ማጠንጠኛው ጋ የነበረችው?» አለ አንዱ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ፎቶውን ወደ ቦታው መለሰው።
መግለጫው ላይ «አንደኛ፣ ስሟን ያልጠየቅናት» ብሎ ጨመረ።
አፍንጫው ታጠፈ፤ ቀሪው ክፍያ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

በጥቅምት አንዲት ሴት ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ወረደች፣
ነጠላዋን ለደሴ ብርድ ሁለት ዙር ጠምጥማ።
መጽሔቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች።
«ስም የምትጽፉት እናንተ ናችሁ?»
ጋሼ ሙሄ እስክሪብቶውን ሰጣት።
በኅዳጉ ላይ፣ ፊደል አትዝሪ ባለኝ ቦታ፣
ቀስ ብላ፣ መስመር ሳትይዝ፣
ሎሚ አደም ብላ ጻፈች።
ወረቀቱ ርጥብ ነበር፤
መጨረሻዋ «ም» ወደ ጠርዙ ትንሽ ፈሰሰች።