እደግ ተመንደግ

ኸርጅ ላይ፣ ከበረቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣
ሚዛኑ ጨካኝ ነው፣ ሰው ፊት የማያፍር።
ከጆሮው ላይ ቢጫ፣ እንደ ሴት ጉትቻ፣
አራት መቶ አሥራ ሰባት፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ።
ስምንት ወር ሞልቶታል፣ የሦስት ወር ያህላል፤
እኩዮቹ ወይፈን ሆኑ፣ እሱ እምቦሳ መስሏል።

ይበላል እኮ! ገንዳውን ልሶ ያደርቃል፤
የበላው ግን ከቆዳው በታች ወዴት ይወድቃል?

ሱዳናዊው ሐኪም፣ ዶክተር ሙዘሚል፣
"ያዝልኝ አንገቱን፣ ኑርዬ፣ በቀስታ" ሲል፣
አቀፍኩት። ልቡ ከክንዴ ጋር ተላፋ፤
ጣት በምታህል ብልቃጥ ደሙ ተቀዳ፣
በበረዶ ሣጥን ወደ ሪያድ ጠፋ።

በሳምንቱ መልስ ደረሰ፤
ሙዘሚል መነጽሩን ጠርጎ ወረቀቱን ዳሰሰ።
"የዕድገት ሆርሞኑ ወለል ላይ ተኝቷል፤ ታይሮይዱስ ደህና ነው፤
ቫይታሚን ኢ አለው፤ ኤ ግን፣ ወላሂ፣ ጠብታም የለው።"
ድርቆሹን አሳየኝ፦ ባሕር አቋርጦ የመጣ፣
ወደብ ላይ ከርሞ በፀሐይ የገረጣ።
"አረንጓዴው ሲሄድ ቫይታሚኑም ሄደ፤
ሆዱ ሞልቶ ሳለ በረሃብ ነደደ።"

እኔ ግን ወረቀት አልጠበቅሁ።
ማታ ማታ ገንዳውን ስቶ ከብረት ሲላተም አይቼ አወቅሁ፦
ዳፍንት ነው።
የኔው በሽታ ነው።

በሰባት ዓመቴ፣ ከሚሴ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ዓለም የሚጠፋብኝ፣
ግድግዳ እየዳበስኩ ስሄድ ልጆች የሚስቁብኝ፣
እኔ ነበርኩ።
እናቴ ከሥጋ ቤት ጉበት ተበደረች፤
ፍም ላይ ጣል አድርጋ፣ እንፋሎቱን ለዓይኔ፣ ቁራሹን ላፌ ሰጠች።
በሦስተኛው ማታ የጎረቤት ፋኖስ አየሁ፣
"መብራት!" ብዬ ጮኽሁ።
የማን ጉበት ነበር? አልጠየቅሁም ያኔ።
የጥጃ ነበረ፤ በጥጃ በራ ዓይኔ።

አሁን መርፌው ገባ፣ አንገቱ ሥር፣ ዘይት የመሰለ ቢጫ፤
ወር ሳይሞላ ፀጉሩ ለሰለሰ፣ ጀመረ እርግጫ።
ሚዛን ላይ ስናወጣው ሙዘሚል አጨበጨበ፤
ፈይሰል፣ የባለቤቱ ልጅ፣ ኪሎውን በሪያል አሰበ።
አራት መቶ ኪሎ የደፋ በከባድ መኪና ይጫናል፤
ያላደገ ግን እዚሁ፣ ከጥላው ሥር ይቆያል።

ትናንት የድርቆሹ አቧራ በዝቶበት
አነጠሰ፣ ሁለት ጊዜ፣ አፍንጫው እስኪርስበት።
የሰፈሬ አፍ ነውና ቀደመኝ ምላሴ፦
"እደግ!" አልኩት።
"ተመንደግ" የሚለውን ዋጥሁት ለራሴ።