ቁም፣ ቀስ በል

በታዝማኒያ ምዕራብ፣ ዛፍ በሸሸው ጋራ፣
ዝናብ እንደ አበዳሪ ደጅ በማይለቅበት ስፍራ፣
መንገድ ጠጋኞች ነን። አስፋልት እናለብሳለን፤
ብርዱ ሲያወልቀው ደግሞ እንመለሳለን።

በግንቦት ከሆባርት መጣች፣ ኖሊን የምትባል፤
እርጥብ ካፖርታችን ከምስማሩ ሲንጠባጠብ በምሳ ክፍል፣
ሁለት ቀን አስተማረችን፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው፣
ባልደረባው ከውስጥ ሲናድ እንዴት እንደሚይዘው።

ፋሻ የላት፣ መርፌ የላት፣ ባዶ እጇን ናት።
ብሬት ሬንጅ በነከሰው ጣቱ እየጠቆማት፣
«የመጀመሪያ ርዳታ ካልሽ፣ የቱ ጋ ነው የምንጫነው?» አላት።
ክፍሉ ሳቀ በጫጫታ፤
«ምንም አትጫኑ» አለች፣ ፈገግ ብላ ላንዳፍታ።
«ትምህርቱ ይኸው ነው።»

ፊደልም ይቀልዳል። አንዲት «አ» ናት ልዩነቱ፤
«አዳምጠው» ከሚለው ምክር «አ» ከወደቀች ከፊቱ
የሚቀረው «ዳምጠው» ነው፣
ያ የእኛ ክሌም የሚነዳው፣
አሥራ ሁለት ቶን ብረት፣ ያገኘውን ሁሉ ጠፍጣፋ የሚያደርገው።
«በርታ»፣ «ያልፋል»፣ «ጠጣና እርሳው»፤
በዚህ መዳመጫ ስንቱን ሰው ሄድንበት፣ ሳናየው።

ጥያቄውን ሳንሸሽግ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳንሄድ፣
በየተራ እንድንለው አደረገችን፣ አንድ ባንድ፦
«ራስህን ለማጥፋት እያሰብህ ነው?»
መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም አለች። ካለ ግን፣ ብቻውን አይተወው።
አርባ ዓመት ሬንጅ የቀመሰ ምላስ ተሳሰረ፤
ብሬት «ራስህን...» አለና ሳለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀረ።
ትሩዲ ብቻ፣ ያቺ ምልክት ያዧ፣
ባንድ ፊቱ «ቁም»፣ በሌላው «ቀስ በል» የሚል ዱላ የማይለየው እጇ፣
የግድግዳውን ሰዓት ትክ ብላ እያየች፣
ሰዓቱን እንደጠየቀች፣
እስከ መጨረሻው አለች።

ነሐሴ። ሦስተኛው መታጠፊያ። በረዶ እንደ ጨው ተነስንሶ፣
አስፋልቱ ትኩስ ተነጥፎ፣ እንፋሎቱን ለብሶ፣
ዳምጠው ቆመ። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ብረቱ አይንቀሳቀስም።
አለቃችን ጮኸ፦ «ክሌም! እየቀዘቀዘ ነው!» ክሌም ዘወር አላለም።
(ስለ አስፋልቱ ነበር የጮኸው።)
ክሌም መሪውን ይዞ ገደሉን ያያል።

ትሩዲ ልብ አለች።
ምልክቷን ወደ «ቁም» አዞረች።
መኪናው በሁለቱም ወገን ተሰለፈ፤
ጡሩምባ ተነፋ፤ አንዱ በመስኮት ተሳደበ፣ ስድቡም አለፈ።
የዳምጠውን ደረጃ ወጣች። ድምጿ ከእኛ አልደረሰም፤ ከንፈሯን ግን አየን፤
ሁለት ቀን የታገልነውን ቃል በዓይናችን አነበብን።

ክሌም ጓንቱን አወለቀ። መልሶ አጠለቀ። ደግሞ አወለቀ።
ብዙ ቆይቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።
«ትናንት ማታ» ነው ያላት፣ ኋላ ሲነግረን እርሱው፤
የቀረውን አልጽፍም። የእርሱ ነው።

አልመከረችም። አልቸኮለችም። ከደረጃው አልወረደችም።
በርኒ ላለች እህቱ ደወለች፣ ኖሊን ካርድ ላይ ወዳለው ቁጥርም፤
በአለቃው ፒክአፕ እስከ ክሊኒኩ አብራው ሄደች፣
ዱላውን ማስቀመጥ ረስታ፣ እንደያዘች።
እርሱም ከተራ መጠበቂያው ግድግዳ ተደግፎ ዋለ፣
ለገባው ለወጣው «ቀስ በል» እያለ።

አስፋልቱማ ቀዘቀዘ፣ ሳይዳመጥ ደረቀ፣
መታጠፊያው ላይ ጉብታ ሆኖ አፈጠጠ።
«በመስከረም ይፋቅ» ብሎ አለቃችን መዝገቡ ላይ ጻፈ፤
መስከረም መጣ፣ አለፈ።
መኪኖች እዚያ ሲደርሱ ይዘገያሉ፤
ለምን እንደሆነ ግን ከየት ያውቃሉ?

ክሌም በጥቅምት ተመለሰ። ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው።
ሰኞ ሰኞ ትሩዲ ደረጃውን ትወጣለች፤
ስለ አየሩ አይደለም የምትጠይቀው።
አንዳንዴ ይመልስላታል።
አንዳንዴ ሞተሩን ያጠፋል ብቻ፣
ዝናቡን ይሰማሉ።