ልብ ማለት

አያቱ ናቸው ስሙን ያወጡለት፣ «ፉአድ ይሁን» ብለው፤
«ልብ ማለት ነው» አሉኝ፣ ጣታቸውን ደረቱ ላይ አኑረው።
በአሥራ አምስት ዓመቱ መምህር አራጋው አስጠሩኝና
«ልጅሽ ልብ የለውም» አሉኝ፣ ወንበር ሳልይዝ ገና።
«ዝንብ ነው፤ መስመር ላይ ያርፋል፣ ሳይጨርስ ይነሳል፤
ስጠራው መስኮት ላይ ነው፤ ስቆጣው ዴስክ ይገለብጣል።»

ከመሳቢያ አንድ ነገር አውጥተው ከፊቴ ጣሉት፦
የነጠላ ጫማ ሶል፣ የራሴ፣ የቀኙ፣ በጥቅምት ፈልጌ ያጣሁት።
ዙሪያው ክብ ተቆርጦ፣ በምላጭ ተፈልፍሎ፣
የትምህርት ቤቱ ስም ተገልብጦ፣ መስታወት ውስጥ ያለ መስሎ።
ማህተም!
ለአርባ ሁለት ልጅ የፈቃድ ወረቀት መትቶ፣
በአሥር በአሥር ብር ሽጦ፣
ብሩን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጌም ቤት ውስጥ አንጠፍጥፎ።
«ከልጆቹ አንዱ ባይናገር ማን ያውቅ ነበር!» አሉኝ።

ማልቀስ ነበረብኝ።
እጄ ግን ጎማውን ዳበሰ፣ የምላጩን መንገድ ተከተለ፤
አስተግፊሩላህ፣ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር «የኔ ልጅ!» አለ።

የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ክር ቀጣይ፤
ማሽኑ ሳይቆም፣ ከአራት መቶው አንዱ ሲበጠስ ከሩቅ የማይ፣
በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠምዝዤ የማገናኝ።
ዓይኔ ለሰው ጨርቅ ነው። የቤቴን ብጣሽ ማን ያሳየኝ?

ጌም ቤቱን ጠይቄ ደረስኩ። መጋረጃውን ገለጥኩ።
ያ አንድ ገጽ የማያነብ፣ ያ ሻይ እስኪፈላ የማይቀመጥ፣
ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ ጣቱ ብቻ ሲሮጥ፣
ሐውልት ሆኖ ተቀምጧል።
የለውም ያሉኝ ልብ፣ ለካ እዚህ ነው የሄደው፤
ላብ ላብ በሚል ክፍል፣ ሰማያዊ ብርሃን ያሰረው።

«ፉአድ» አልኩ። «ፉአድ።»
«ቆይ አንዴ!»
ሶኬቱን ነቀልኩት። (ባልነቅለውስ? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።)
ብድግ ያለው ልጅ የወለድኩት አልነበረም፤
ጆይስቲኩ ከጆሮዬ ሥር እያፏጨ አለፈ፣
ከቴሌቪዥኑ መስታወት ጋር የሁለት ወር ደሞዜ ረገፈ።

ዝናብ ነበር። ቦርከና ድልድይ ላይ አገኘሁት፤
እጆቹን ብብቱ ሥር ቀብሮ፣ የሰው ንብረት እንደሰረቀ።
ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።
«እማ፣ ማህተሙ ላይ ተሳስቻለሁ እኮ» አለኝ፣ ውሃውን እያየ፤
«‹ሁለተኛ› የሚለው ላይ የ‹ኛ›ን ቆብ ረስቼ
‹ና› ሆና ቀረች።
አንቺ ፋብሪካ ስታድሪ ሦስት ሌሊት ሠርቼ!
ማንም አላየም።»

ከቦርሳዬ አወጣሁት፤ መምህሩ ዞር ሲሉ ወስጄው ነበር።
በስልኬ ብርሃን አየሁት።
እውነቱን ነው። አርባ ሁለት ወረቀት
በመምህር እጅ፣ በዳይሬክተር እጅ፣ በዘበኛው እጅ አልፎ
ልብ ያለ አልነበረም።
እኔም ልብ አላልኩ።

ዕዳው ከመጪው ወር ይቆረጣል።
ያ እጅ ነገም ይወረውራል፣ አላጣሁትም።
ጎማው ላይ ግን አንዲት ፊደል፣ ቆብ የሌላት፣ ዝናብ የነካት፣
«ና» ትላለች።

«ና» አልኩት።

ከብብቱ
አንዱን እጅ ብቻ አወጣ።