ሦስት ከመቶ

ክረምት ስል ዝናብ አይምሰላችሁ፣
ጭቃና ጎርፍ፣ ጉም ያዘለ ተራራ አይታያችሁ።
የካያኒ ክረምት ድምፅ የለውም፤
ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ቸኩሎ አያውቅም፤
ከጥቅምት ጀምሮ ወንዙን በጣቱ እየዳሰሰ፣
ኅዳር ሲጋመስ፣ አንድ ሌሊት፣ ላዩ ላይ ነገሠ።

ራውሃ ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ስክሪኗ ፊት ተቀምጣ፣
ይህንኑ ብርድ በቁጥር ትጽፋለች፣ በጨዋታ ሠራዊት ላይ ሊመጣ።
(ስሟ በአገሯ ቋንቋ «ሰላም» ነው፤ የአያቷ እህት ስም፤
ሥራዋ ጦርነት መሥራት ነው፤ ይህን ማንም አላነሣባትም።)
ስድስት ጎን ያለው ሜዳ፣ እንደ ማር ሰፈፍ የተያያዘ፣
በየጎኑ የሰፈረ ጦር፣ ስንቅና ጥይት የያዘ።
«ስንቁ የተቆረጠ ጦር ውርጭ ላይ አንድ ተራ ካደረ፣
ከመቶው ሦስት ይቀነስ» አለች፤ ቁጥሩ በዚሁ ቀረ።
አንድ መስመር። ዜሮ፣ ነጥብ፣ ዜሮ፣ ሦስት።
ከዚያ ሄደች ምሳ ልትበላ፤ የአተር ሾርባ ነበር፣ የሐሙስ ዕለት።

ስትመለስ ሌላ ሠንጠረዥ ሞላች፤ የሱፍ ካፖርት ስንት ያተርፋል፣
ዳቦ በምን ያህል ብርድ በመጥረቢያ ይፈለጣል፣
እንግዳው ጦር እንዴት ይዝላል፣ የአገሬው በስኪ እንዴት ይከንፋል፤
ቆፈኑም፣ ቁሩም፣ ውርጩም የየራሱ ሳጥን ነበረው፤
ለፍርሃት ግን አልተሠራም፤ አምዱን ሰርዛ አለፈችው።

ቴርሆ ጨዋታ ፈታኝ ነው፤ ሥራው መሸነፍና ማሸነፍ፤
ሰኔ ላይ ዘመተ፣ ሦስት መቶ ሺህ ሰው፣ ባንዲራው ሲንሳፈፍ።
ሐምሌና ነሐሴ ከተሞችን እንደ ዶቃ ደረደረ፤
መስከረም ላይ ጭቃ መጣ፣ መድፉ ማጥ ውስጥ ቀረ።
ጥቅምት ሲያልቅ መሬቱ ደነደነ፤ ቴርሆ ደስ አለው፤
«ይኸው መንገድ! ወንዙም ድልድይ ሆነ፤ ታንኬን ማን ከለከለው?»
ግን ዘይቱ ረጋ። ሞተሩ አልነሣ አለ።
ፈረሶቹ ቆመው አደሩ፤ ጠዋት የቆመ አንድም የለ።
ባቡሩ ከኋላ አልደረሰም፤ የስንቁ ምልክት ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፤
ጠላት ጥይት አልተኮሰም፤ ጫካው ጥግ ቆሞ ነው የሚያይ።
አንድ ተራ፣ ሁለት ተራ፤ ሦስት ከመቶ ሲቆጠር፣
«ቅጭል» ይላል ጨዋታው፣ ሰው ደርቆ በቀረ ቁጥር።

«ይሄ ግፍ ነው! ሳልዋጋ ግማሹ ጦሬ አለቀ» አለ፤
«ብርድ መታው ይባላል እንጂ፣ ብርድን መልሶ የመታ ማን አለ?»
አለቃዋ ቪልያሚ መጣ፣ ሻርፑን ሳይፈታ ገና፤
«ከሦስቱ አንዷን ተያት፤ ተጫዋች ይሸሻል፤ ጨዋታ ነውና።»
ሁለት ብላ ጻፈች። ወጣች።

መኪናዋ አልነሣ አለች፤ ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች፤
አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሄዳ መብራት ሥር ቆመች።
ሽፋሽፍቷ እርስ በርሱ ተጣበቀ፣ ጓንቷ ላይ አመዳይ፤
ኦይቫ ትዝ አላት፣ የአያቷ ወንድም፣ ሳውናው ውስጥ፣ ላይኛው እርከን ላይ፤
የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የእግሩን ጣቶች ቆጥራ፣
«ስምንት!» ብላ ስትስቅ፣ እሱ በጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ረጭቶ ሌላ ወሬ አወራ።
«ሲወድቁ አመመህ?» ብትለው፣ «አልተሰማኝም» አለ፣ በቃ፤
ያን ቃል እስከ ዛሬ ይዛዋለች፣ እንደ ኪስ ጠጠር ጠብቃ።

አውቶቡሱ አሥራ አራት ደቂቃ ዘገየ። መሬቱን ትረግጣለች፤
አንደኛው ጣት፣ ሁለተኛው፣ ጫማዋ ውስጥ ትቆጥራለች፤
አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆጠራው ይጠፋባታል፤
እንደገና ከአውራ ጣት ትጀምራለች። ውርጩ ጊዜ አለው፤ ይጠብቃታል።

በማግስቱ ቁጥሩን አልነካችም። ሁለት ተብሏል፣ ሁለት ይሁን፤
ሌላ ፋይል ከፈተችና አጠፋች ያን የ«ቅጭል» ድምፁን።

ቴርሆ እንደገና ዘመተ፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ጭቃ፣ ውርጭ፤
ሜዳው ነጭ፣ ጫካው ነጭ፣ የመጣበት መንገድ ነጭ።
ተራውን ጨረሰ። ጠበቀ። ደግሞ ተራ፣ ደግሞ ዝም።
«ድምፁ ተበላሽቷል» አለ ዞሮ፤ «ሰው ሲያልቅ አይሰማም።»
«አልተበላሸም» አለች፣ ካልሲዋን ወደ ላይ ስባ፤
ከመስኮቱ ማዶ አንድ ሰው፣ ውሻ አስከትሎ፣ ከተማ ሊገባ
በውሃ ላይ ይራመዳል።